ክርስቲያን ነኝ... ማንን ልምረጥ?

መቼም የዚህ አምድ ደንበኞች የምትልኩልኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ጥሎኝ ሄደ»፣ «ቤተሰቦቼ አልወደዱትም»፣ «ልጠብቃት ወይስ ልተዋት?» የሚል ነው። ሰሞኑን ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን ለየት አለብኝ። ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት፤ በአንድ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ስሟ ይቆየን። ነገሩን አሳጥሬ በራሴ ቃል ልንገራችሁ።

ልጅቷ እሑድ እሑድ ወደ ወጣቶች ጉባኤ ትሄዳለች። እዚያ አንድ ወንድም ተነሥቶ አስተማረ። ውርጃን የፈቀደ መንግሥትን የመረጠ ክርስቲያን፣ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ሲከት እጁን ደም ውስጥ እንደነከረ ይቆጠራል አለ። እሷ ደግሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተሰልፋ መርጣለች። ማንን እንደመረጠች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ «ይሄን ለንስሐ አባቴ መናገር አለብኝ?»

ከታች በሌላ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፤ «የምጠይቅሽ ለራሴ ብቻ አይደለም፤ አብራኝ የምትኖር ልጅ ነገር አለባት።»

ይቺን መስመር ሳነብ አላስቻለኝም። በሳምንቱ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩና ሁለቱንም አነጋገርኳቸው። የሁለተኛዋን ልጅ ነገር ቆይቼ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ካርዱ።

እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ ነገረ መለኮትም አልተማርኩም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነው ብዕር ያነሣሁት። ሕጉ ግን የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ማንበብ የቻለ ሁሉ ሊያየው ይችላል። እኔም ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው ሳያነበው ነው የሚጣላበት!

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የጃንሆይ ዘመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውርጃን ያለ ቅጣት የሚያልፈው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር። እሱን የተካው የወንጀል ሕግ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። ይሄኛውም አንቀጽ 545 ላይ ሲጀምር ውርጃ ያስቀጣል ብሎ ነው የሚጀምረው። አዎ፣ ዛሬም ወንጀል ነው። አንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡትን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲሆን፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ሴቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። አንቀጽ 552 ደግሞ «ተደፍሬ ነው» ያለች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል።

ድህነትስ? የለም፣ ድህነት አልተፈቀደም። በአንቀጽ 550 መሠረት እጅግ የከፋ ድህነት ቅጣት ያቀልላል እንጂ አያድንም። ይቺን አንቀጽ ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ቀኑን ተመልከቱ። ይህ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የ97 ምርጫስ መቼ ነበር? ግንቦት 7! ስድስት ቀን ብቻ! አገር ምድሩ ንብና ሁለት ጣት እያለ ሲራኮት፣ ከተማውም ገጠሩም ሌሊት ተነሥቶ ሲሰለፍ፣ የውርጃ ሕጉ ገና የስድስት ቀን ልጅ ነበር።

እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። የአክስቴን እጅ ይዤ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የወጣን እስከ እኩለ ቀን እዚያው ነን። ሰሞኑን አክስቴን ጠየቅኳት፤ «ያኔ ስለ ውርጃ ሕግ የነገረሽ ሰው ነበር?»

«ኧረ የምን ውርጃ!» አለችኝ። «እኛ የሰማነው መሬት ይሸጣል አይሸጥም፣ ወደቡ ይመለሳል አይመለስም ነው። አንቀጽ 39 ሲሉ ሲሉ ልጆች እንኳ ቁጥሩን ለመዱት።»

አክስቴ ጾም የማትገድፍ፣ ኪዳን የማታስታጉል ሴት ናት። ንስሐ ልትገባ የሚገባት ካለ መጀመሪያ እሷ መሆኗ ነው! ሕጉን ያጸደቀው በ1992 የተመረጠው ምክር ቤት ነው። ያን ምክር ቤት ስትመርጥ «አንቀጽ 551 የሚባል ነገር እናወጣለን፣ ይሁን ወይ?» ያላት የለም። በ97ም፣ ከዚያም ወዲህ በነበሩት ምርጫዎች፣ በ2013ም አምፖሉና ሚዛኑ ሲወዳደሩ ይሄ ጥያቄ የክርክር ርዕስ ሆኖ አላየሁም። እንዲያው ምርጫችን ራሱ በስንት ጣጣ የተከበበ እንደነበር ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ታዲያ ያ ወንድም ንግግሩን ከየት አመጣው? አልደበቀም፤ ከአሜሪካ ስብከት ነው የሰማው። በስልኩ ይከታተላል። የአጎቱ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ለሜሪላንዱ ዘመድ ነገሩ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ውርጃ በየምርጫው የሚነሣ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ ፈቀደው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ራሱ ሻረውና ለየክፍለ ግዛቱ መለሰው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በሜሪላንድ ድምፅ መስጫ ላይ ጉዳዩ በቀጥታ ቀርቦ ሕዝቡ መብቱን በሕገ መንግሥት አጽድቆታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ዜግነት ካለው ጥያቄው በእጁ ነበር፤ አዎ ወይም አይደለም ማለት ይችላል። ከእኛ ዘንድ ካርዱ ላይ የፓርቲ ምልክት እንጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

ደግሞ ይገርማችኋል፣ እዚያም ቢሆን ነገሩ እንደምናስበው ከጥንት የመጣ አይደለም። ዛሬ ውርጃን አጥብቀው ከሚቃወሙት መካከል ዋነኛው የሆነው የደቡብ ባፕቲስቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው የአቋም መግለጫ፣ በመደፈር፣ በሥጋ ዘመድ፣ በጽንስ ከባድ ጉድለትና ለእናቲቱ ጤና ሲባል ውርጃ እንዲፈቀድ ምእመናኑ እንዲሠሩ የሚጠይቅ ነበር። የእኛን 551 የተቀዳበት አትሉም? በኋላ አቋማቸውን ለወጡ፤ የክርስቲያን ድምፅና ውርጃ እንዲህ የተቆራኙትም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። እና ወንድሜ ሆይ፣ ከአሜሪካ ትምህርት መውሰድ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ሙሉውን ነው እንጂ ቁራጩን አይደለም።

ውሸት አልናገርም፤ የወንድምየው ክርክር ባዶ አይደለም። ሌባ ባለሥልጣንን መምረጥ ኃጢአት ነው ካልን፣ የሰው ነፍስ ነገር ሲሆን ምነው አይመለከተንም እንላለን? ድምፅ መስጠት ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ያስጠይቃል። እኔ ራሴ በማኅፀን ያለው ሕይወት ነው ብዬ አምናለሁ። ኤርምያስ ምዕራፍ 1ን፣ መዝሙር 138ን ሳነብ ያደግኩ ነኝ፤ ይሄን ደብቄ ምክር ብሰጣችሁ ማታለል ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ቀን ለውጣው የማታውቅ ትምህርት ናት፤ ውርጃን ከነፍስ መግደል ነው የምትቆጥረው።

ግን እሷው ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ደግሞ እዩ። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ጽንስ ያስወገደችን ሴት ነፍሰ ገዳይ ብሎ ጠርቷታል፤ ወዲያው ደግሞ ንስሐዋ እስከ ዕለተ ሞቷ ሳይሆን 10 ዓመት ይሁን፣ ዋናው የጊዜው ርዝመት ሳይሆን የልቧ መመለስ ነው ብሏል። ለራሷ ለሠራችው እንኳ በር የተተወ ከሆነ፣ ግንቦት 7 ወይም ሰኔ 14 ተሰልፋ ምልክት ላይ ጣቷን ላሳረፈችው በሩ ይዘጋ?

ከካቶሊኮቹ ወገን ደግሞ ጥያቄዋን በቀጥታ የመለሰላት ሰው አለ። የእኛ 414 በወጣበት በ1996 ዓ.ም. አሜሪካኖች ለምርጫ ሲዘጋጁ፣ ኋላ ቤኔዲክቶስ 16ኛ ተብለው ጳጳስ የሆኑት ካርዲናል ራትዚንገር ለአሜሪካ ጳጳሳት ጽፈው ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድን ተመራጭ ውርጃን ስለሚደግፍ ብሎ፣ ለዚያው ሲል የመረጠ ሰው የክፋቱ ተባባሪ ነው። ውርጃን ሳይደግፍ፣ በሌላ ሚዛን በሚደፋ ምክንያት የመረጠው ግን ትብብሩ የራቀ ነው፤ ምክንያቱ በቂ ከሆነ ይፈቀዳል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ስለ አሜሪካ ምርጫ ተጠይቀው፣ ስደተኛን የሚያባርረውም ሕፃናትን የሚገድለውም ሁለቱም ሕይወትን ይጻረራሉ፣ እያንዳንዱ በኅሊናው አነስተኛውን ክፉ ይምረጥ ብለዋል። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ ግን ጥሩ መልስ ከየትም ቢመጣ ጥሩ መልስ ነው።

እና እህቴ፣ ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪያቸው ነገር አይጠፋሽም፤ የሁላችንም አይጠፋም። ይሄኛውን ግን ተይው። በልብሽ ያልነበረውን፣ ማንም ያልጠየቀሽን፣ ካርዱ ላይ ያልነበረውን ኃጢአት ተሸክመሽ አትሂጂ። አብሽሪ።

«እሺ፣ ታዲያ ቢያንስ ክርስቲያን መሪ እንምረጥ» የሚሉም አሉ። ጉባኤው ላይ ይሄም ተነሥቶ ነበር አሉኝ። እስቲ የቅርቡን እናስታውስ። ከ2005 እስከ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ናቸው። ከእሳቸው የተረከቡት ዶክተር ዐቢይ አሕመድም የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ስለ እምነታቸው በአደባባይ ሲናገሩ ሁላችንም ሰምተናል። በሁለቱም ዘመን አንቀጽ 551 አንዲት ቃል አልተቀነሰበትም። ስድብ እየመሰላችሁ እንዳትቆጡኝ፤ የመሪው እምነት ስለዚህ ሕግ ምንም እንዳልነገረን ለማሳየት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል።

እኛ የወሎ ልጆች ደግሞ «መሪና ሃይማኖት» ሲባል ጆሯችን ቀጥ ይላል፤ ምክንያት አለን። ቦሩ ሜዳ ከዚህ ከደሴ አፍንጫ ሥር ናት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የነገሥታቱን ጠብ ሳይሆን የሃይማኖቱን ክርክር የቆረጡት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊም ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍን አሠርተው ደሴ ላይ ነግሠው ሳለ ደግሞ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ «ሰልሟል» ተብሎ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። አባት ለልጅ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ያለቀው ያ ሁሉ የወሎ ጦር እናት የሌለው አልነበረም። ታሪክ ልነግራችሁ አልነበረም የመጣሁት... ግን አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚያድግበት አገር፣ «የእኛን ሃይማኖት ሰው እንምረጥ» የሚለው ወሬ እንደ ሜሪላንዱ ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ፤ የወሎ ሰው ስለ 551 ሲከራከር ሊዘነጋው የማይችለው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ኅዳር 27 ቀን ነው የተመለሱት። በዚያ ጦርነት በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም ሴቶች ተደፍረዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ባወጡት የምርመራ ሪፖርት ከተፋላሚዎቹ ነጻ የወጣ ወገን አልነበረም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት ነፋስ መውጫ ላይ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች አነጋግሮ መግለጫ አውጥቷል። አንዲት እዚህ ሰፈራችን የምትኖር ጡረታ የወጣች ነርስ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውርጃን ስቃወም የኖርኩ ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን አፌን ይዤ ዝም አልኩ» አለችኝ። ከዚህ በላይ አላስረዳችኝም። እኔም አልጎተጎትኳትም።

ይቺው ነርስ የድሮውንም ታውቃለች። ከሕጉ በፊት በሽቦና በሥራ ሥር ራሳቸውን ጎድተው ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ ልጆችን ተቀብላለች። ሐኪሞቹና የሴቶች የሕግ ባለሙያዎቹ ሕጉ ይሻሻል ብለው የተከራከሩት ይሄን እያዩ ነው፤ ውርጃን ወደው አይደለም። ሕጉ ከወጣ በኋላስ ተወገደ? የለም። ጉትማከር የተባለው የጥናት ተቋም ከአገር ውስጥ አጥኚዎች ጋር ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አገራችን ውስጥ 620 ሺህ ያህል ጽንስ ሆን ተብሎ እንደተቋረጠ ገምቷል። ከዚያ ውስጥ በጤና ተቋም የተከናወነው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የቀረው የት እንደተደረገ እናንተው ገምቱ።

በሉ እንግዲህ ወደ ሁለተኛዋ ልጅ ልመልሳችሁ።

ይቺ ልጅ ከወረኢሉ ገጠር ነው የመጣችው። ነገሩ ሲጀምር 19 ዓመቷ ነበር። ሥራ በጀመረች በዓመቷ ከአንድ ወጣት ጋር ተዋወቀች፤ አረገዘች፤ ልጁ ስልኩን ቀየረ። የታወቀ ታሪክ ነው፤ በዚህ አምድ ስንት ጊዜ አንብባችሁታል። የጓደኞቿ ምክር አንድ ነበር፤ «ተደፍሬ ነው በይ፣ ቃልሽ ይበቃል።» እሷ ግን «በሰው ላይ አልዋሽም» አለች። ሕጉ ደግሞ እውነቱን ለተናገረች ድሃ አይፈቅድም፤ ያቺ አንቀጽ 550 ማለት ይቺ ናት። ጉባኤው ላይ «ሁሉን ፈቀደ» የተባለለት ሕግ እሷን አልፈቀደላትም! ንስሐ አባቷ ጋ ሄደች። «ልጄ፣ እንዳታደርጊው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አሏት። ከኪሳቸው የነበረችውን 300 ብር አውጥተው ሰጧት። እኚህን ካህን አላማቸውም፤ የነበራቸው ይሄው ነው።

አከራይዋ ግን... አከራይዋ ጧት ማታ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ፣ ስለ ውርጃ ከተነሣ ቁጣዋ የሚታወቅ ሴት ናት። የልጅቷ ሆድ መግፋት ሲጀምር «ግቢዬን ሰው ምን ይለዋል? አባት የሌለው ልጅ እዚህ አይወለድም» ብላ በ15 ቀን ውስጥ ውጪልኝ አለቻት። ልጁን ማስወረድ ኃጢአት፤ መውለድ ደግሞ ነውር! ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ታድርግ? እስቲ ንገሩኝ። ደብዳቤ የጻፈችልኝ ልጅ ይሄን ለዚያ ለሚያስተምረው ወንድም ነግራው ነበር። «እንጸልይላት» አላት። ጸሎት መልካም ነው። የቤት ኪራይ ግን በጸሎት ብቻ አይከፈልም፤ ጉባኤው ደግሞ ያን ጊዜ ለጉዞ ቲሸርት የሚያሠራበት ገንዘብ ያዋጣ ነበር።

ያስጠጓት ሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ። የቀን ፈረቃዎቹ ማታ ይተኛሉ፤ የሌሊቶቹ ጧት መጥተው እዚያው ሙቀቱ ባልጠፋው ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ከሦስቱ አንዷ ሙስሊም ናት፤ የጽንሱ ነገር አንድ ቀን እንኳ አከራክሯቸው እንደማያውቅ ሲነግሩኝ ሳቁብኝ። ልጅቷ ጤና ጣቢያ በሰላም ወለደች። ወንድ ነው፤ በ40 ቀኑ ተጠምቋል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል፤ እሷም አገኘች። በ91ኛው ቀንስ? ሕፃኑን ማን ይያዘው? ወረኢሉ ወስዳ ለእናቷ ሰጥታው ተመለሰች። አሁን በየወሩ ትልክለታለች፤ ለዐውደ ዓመት ካልሆነ አታየውም።

«ጸጸት አለብሽ?» አልኳት። «ልጄን አይቼ የምን ጸጸት!» አለች። ቆይታ ደግሞ «ግን ሌላዋ እንዲህ ስትሆን ውለጂ ብዬ ለመምከር አፌን አይሞላኝም» አለችኝ።

የመራጭ ካርድ አውጥታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። አታውቅም። መታወቂያ ልታወጣ ቀበሌ ስትሄድ አከራይሽ ትመስክርልሽ ተባለች። አከራይዋ ማን እንደሆነች ነግሬያችኋለሁ።

እኔ እንግዲህ የምለው ይሄን ነው። ክርስቲያን ሆናችሁ ይህ ጉዳይ የሚያንገበግባችሁ ከሆነ፣ ዝም በሉ አልልም። ምረጡኝ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። 551ን ትነካዋለህ ወይ በሉት፤ የሚመልሰውን ስሙ፤ ካልመለሰም አለመመለሱን ያዙ። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሕፃናት ማቆያ የት ይሠራል? ለ91ኛው ቀን ምን አስበሃል? ነፍሰ ጡር ተከራይን ከቤት የሚያስወጣ ምን ይደረጋል? አስገድዶ የደፈረ ተይዞ ይፈረድበታል ወይስ በሽምግልና ያልቃል? ጦርነት ቢመጣ ማንን ትልካለህ፣ የማንንስ እናት ታስለቅሳለህ? እነዚህም ስለ ነፍስ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። ያ ወንድም እጁን አውጥቶ እነዚህን ቢጠይቅ እኔ ራሴ አጠገቡ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ።

ልጃገረዶች ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ይሄን አውቆ መገኘት ይጠቅማል። ተደፍራ ያረገዘች ሴት የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ የደፋሪውን ስም ተናገሪ ተብላ አትመለስም። ዕድሜዋ ለአካለ መጠን ያልደረሰም የልደት ወረቀት አትጠየቅም። ጤና ጥበቃ በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ይሄንኑ ይላል፤ አገልግሎቱም በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። መጠቀም አለመጠቀም የእሷና የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ጥቃቱ በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ሳትታጠቢም ቢሆን ቶሎ ጤና ተቋም ሂጂ፤ እርግዝናንም ኤች.አይ.ቪንም የሚከላከል መድኃኒት አለ። ዘግይቶ ከመጨነቅ ያን ቀን መሮጥ ይሻላል።

የሚቀጥለው ሳምንት የአንድ የደሴ ወጣት ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ፤ ፍቅረኛው ከአረብ አገር የላከችለትን ገንዘብ የበላበትን ታሪክ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።